ለጢፋ ያልበረረችበት እሁድ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ የጎሳዬን እጅ የማያውቅ የቡና ሰው አልነበረም። የጆንያውን ጆሮ ይይዝና ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብድግ አድርጎ፣ «ስድሳ ሁለት» ይላል። ባስኩላው፣ የብረቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ስድሳ ሁለት ነው። ገበሬና ነጋዴ በሚዛን ሲጨቃጨቁ፣ ብረቱን ትተው «እስቲ ጎሳዬን ጥሩልን» የሚባባሉበት ጊዜም ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ በአንድ መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት የጫኝና አውራጅ አለቃ ሆኖ ኖረ። አሁን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀኝ ትከሻው ከታመመ ወዲህ አይሸከምም፤ ቆሞ ያዛል፣ ይመዝናል። ሰው አይበድልም፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ሚስቱን ብርሃንነሽን ያከብራል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይታወቅለት፤ ኋላ የሠራው ሲሰማ ሰው ጨርሶ እንዳይጠላው።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ፍሬሰላም የምትባል አስተማሪ ወደ መጋዘኑ መጣች። አዲስ አበባ ቲያትር ቤት አራት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ስትሠራ ቆይታ ወደ ጅማ የተመለሰች፣ በትርፍ ጊዜዋ ወጣቶች ሰብስባ ተውኔት የምታሳይ ሴት ናት።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ ሰው ማስነሳት ይችላሉ?» አለችው።

«ከምን? ከእንቅልፍ?»

«ከመሬት። ልጅ ማብረር ፈልጌ ነው።»

ጫኞቹ ሳቁ። ቱሉ የሚባለው፣ ትከሻው በር የሚያህለው፣ «መጀመሪያ እኛን ያብርሩን እንጂ፤ ከጆንያው እንገላገል» አለ።

ፍሬሰላም አልሳቀችም። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነገሯቸው። ተውኔቱ ዝናብ ስለቀረበት ዓመት ነው። የቡናው አበባ ሳይፈነዳ ቅርንጫፉ ላይ ሊደርቅ ሲል፣ አንዲት ልጅ ደመናን ልትለምን ወደ ሰማይ ትሄዳለች። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ከመሬት መነሳት አለባት። ካልተነሳች ተውኔት የለም።

«በምን ትነሳለች?» አለ ጎሳዬ።

ከወለሉ ከሰል ቢጤ አንስታ ጆንያው ላይ ሣለችለት። ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ካሩኮላ ይታሰራል፤ ያው መጋዘኑ ውስጥ ገመድ የሚዞርበት ጎማ ማለት ነው። ቀጭን የብረት ገመድ ጥቁር ቀለም ይቀባል። አንዱ ጫፍ ልጅቷ ከቀሚሷ ሥር በታጠቀችው ጠንካራ መታጠቂያ ላይ፣ ከጀርባዋ ይቆለፋል። ሌላው ጫፍ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። ልጅቷ መሬት ላይ ስትሆን ክብደቱ ጣሪያው ሥር ነው፤ ክብደቱ ሲወርድ እሷ ትወጣለች።

«አርባ ስምንት ኪሎ ናት። በወዲያኛው ጫፍ አርባ አምስት ከሰቀልን፣ እርስዎ የሚስቡት ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። በሁለት ጣት ያበሯታል።»

«ገመዱ አይታይም?»

«ከኋላ ጥቁር መጋረጃ አለ። መብራቱን ከፊት አናበራም፤ ከጎን ነው፣ ዝቅ አድርገን። ደግሞ ጋሼ፣ ማታለሉ ገመዱ ላይ አይደለም። ሰው የሚያየው ሌላ ሰው የሚያየውን ነው። መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ ተመልካቹም አብሮ ቀና ይላል። ያን ጊዜ ገመድ የሚፈልግ ዓይን አይኖርም።»

ይህ ነገር ጎሳዬን ደስ አሰኘው። ዕድሜውን ሁሉ ከባድ ነገር ሲያነሳ ኖሮ፣ ያነሳው ነገር ቆንጆ ሆኖ አያውቅም። «ክብደቱን ለኔ ተይው» አላት።

«አሸዋ በማዳበሪያ ሞልተን በሚዛን—»

«አሸዋ እጄ አያውቀውም። እጄ የሚያውቀው ቡና ነው። በቡና ግራም አልስትም።»

እሷም ሽማግሌ ሰው ናቸው ብላ ተወችው።

የምትበረው የቲጃኒ ልጅ፣ የአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ለጢፋ ነበረች። ቲጃኒ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ አያት ቅድመ አያቱ እዚያው ጅማ የኖሩ። ከጎሳዬ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ደጅ ላይ ውለዋል። አንዱ በኢድ፣ አንዱ በመስቀል ይጠራራሉ። ቲጃኒ ልጁን ሰው ፊት ቁሚ ማለት ከብዶት ነበር፤ ሦስት ቀን እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ፍሬሰላምን፣ «ገመዱን ማን ነው የሚይዘው?» ብሎ ጠየቃት።

«ጋሽ ጎሳዬ።»

«ኤዬ፣ እንደሱ ከሆነ ትሂድ» አለ።

መታጠቂያውንም ራሱ ሰፋው፤ ሸራውን በቆዳ ደርቦ፣ እያንዳንዱን ስፌት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ። ነጩን ቀሚስ እጅጌውን አስፍቶ ክንፍ አስመሰለው፤ ከጀርባው ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ እጥፋት ውስጥ ደበቀው። ልጁን በሜትር ሲለካ፣ «የጠበበ እንደሆነ ንገሪኝ፣ የሰፋም እንደሆነ ንገሪኝ» ይላት ነበር። እሷም፣ «አባ፣ ሙሽራ አደረግኸኝ» ትለዋለች።

ጎሳዬ ክብደቱን የሞላው ከአጋሮ በኩል ያን ዕለት ከገባ ጀንፈል ነው። ጀንፈል ከነገለባው የሚደርቀው ቡና ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ውሃ ያዘለ ነው። ጎሳዬ እንደልማዱ አንድ ፍሬ አንስቶ ነከሰ። ለስለስ አለበት። ገና ነው፤ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት መሰጣት ይቀረዋል። ይህን ጥርሱ ነገረው፣ እሱም ሰማ። ግን የሚሸጥ ቡና አይደለም፤ ለጨዋታ የሚሰቀል ጆንያ እርጥበቱን ማን ይጠይቃል? ጆሮውን ይዞ ብድግ አደረገው። ትንሽ ጨመረ፣ ትንሽ ቀነሰ። «አርባ አምስት» አለ። ነበርም።

በከተማው አዳራሽ የተደረገው ልምምድ ያማረ ነበር። ለጢፋ መሬት ላይ ቆማ ጉልበቷን በጭንቅ የሚታይ ያህል ታጥፋለች፤ ትንፋሿን ትስባለች፤ አገጯ ቀና ይላል፤ ትከሻዋ ከእግሯ ቀድሞ ይነሳል። ጎሳዬ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ትንፋሿን ይጠብቃል። ትንፋሿ ሲገባ ይስባል። ተረከዟ፣ ከዚያ ጣቷ ከወለሉ ይለቃል። ገመዱ የሚጎትታት አይመስልም፤ አየሩ ራሱ ከሥሯ ገብቶ የተሸከማት ይመስላል። አንድ ቀን አዳራሹን የሚጠርጉት ሴትዮ መጥረጊያቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩና፣ «ቢስሚላሂ» አሉ። ጎሳዬ ያን ቃል ቤቱ ይዞት ሄደ። ለብርሃንነሽ ሁለት ጊዜ ነገራት።

ከዚያ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገና ለሦስት ሳምንት ተዘጋባቸው። ገመዱም ካሩኮላውም እንደታሰሩ ተተዉ። ጆንያው ቆርቆሮው ሥር እንደተንጠለጠለ ቀረ። የጥር ፀሐይ እንደምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ያለን ነገር ትጋግረዋለች።

የመጨረሻው የጥር እሁድ ደረሰ። ትርዒቱ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት ፍሬሰላም ወረቀቷን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ጎሳዬን አገኘችውና፣ «ጋሼ፣ ሰው ሳይገባ አንዴ እናንሳት» አለችው።

«አንዴ የመዘንኩትን ሁለቴ መዝኜ አላውቅም» አላት።

ጫኞቹ አጠገቡ ነበሩ። እነሱ ባይሰሙ ኖሮ ምናልባት እሺ ይል ነበር።

አዳራሹ ሞላ። መጀመሪያው ወንበር ላይ ቲጃኒ አዲስ ኮፍያውን አድርጎ ከሚስቱ ከሳቢሃ ጋር ተቀምጧል። ተውኔቱ እየሞቀ ሄደ፤ ሰው ሳቀ፣ አንዳንዷም ዓይኗን ጠረገች። መጨረሻው መጣ። መብራቱ ከጎን ዝቅ አለ። ለጢፋ በነጭ ቀሚሷ መሃል ቆመች፤ ጉልበቷን አጠፈች፣ ትንፋሿን ሳበች። ጎሳዬ በሁለት ጣቱ ሳበ።

ገመዱ አልመጣም።

በአንድ እጁ ሳበ። በሁለቱም ሳበ። ለጢፋ አንድ ክንድ ያህል ተነሳችና እዚያው ተንጠልጥላ ቆመች። ጎሳዬ ግራ ገባው፤ ቀጭኑ ገመድ ከላቡ የተነሳ ከእጁ እየሾለከ፣ ትከሻው እየተሰነጠቀ እግሩን ግድግዳ ላይ ረግጦ ጎተተ። ልጅቷ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ብድግ አለች፣ ተመልሳ ወረደች፣ እንደገና ብድግ አለች። ክንፎቿ ተንጠልጥለው ተወዛወዙ። መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች እንደታዘዙት አንገታቸውን ቀና አድርገው ማንም የሌለበትን ጣሪያ ያያሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። በሳቁ መሃል አንድ ድምፅ፣ «ኧረ ብቻዋን አይደለችም መሰለኝ» አለ፤ ሳቁ በእጥፍ ጨመረ።

ጎሳዬ ገመዱን ለቀቀው። ለጢፋ ወለሉ ላይ በጉልበቷ አረፈች። መጋረጃው ተዘጋ።

ፍሬሰላም እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ጫኞቹና ሁለት ሦስት ሰዎች ተከትለዋታል። «ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

ሁሉም አዩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያዩት እንደኖሩት፣ ቁጥሩን እንዲነግራቸው አዩት። ጎሳዬ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ከአፉ የወጣው ይሄ ነው፦

«ልጅቷ ከብዳለች። ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም፤ ሰውነት ጨምራለች። እጄ ነግሮኛል።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድለት መሰላል አቁሞ ወጣና ጆንያውን አወረደ። ጆሮውን ይዞ ብድግ ሲያደርገው፣ ለአፍታ ሌላ ሰው ጆንያ የለወጠበት መሰለው። ሠላሳ አራት፣ አለ እጁ። አንድ ፍሬ አውጥቶ ነከሰ። ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ አጥንት ሆኗል። ጎሳዬ መሰላሉ ሥር ተቀመጠ። ቡና ሲደርቅ እንደሚቀል፣ አጋሮም ሰኮሩም ጡት ያልተወ ሕፃን ያውቀዋል። እሱ ነው ለሠላሳ አንድ ዓመት ገበሬውን «አድርቀህ አምጣ፣ ውሃ አትሽጥልኝ» ሲል የኖረው።

ያን ጊዜ ተነስቶ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ጆንያውን መድረኩ ጀርባ ደብቆ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ከእሱ ቀድሞ መጋዘን ገብቷል። የአዳራሹ ቀልድ ብቻውን ቢሆን ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አርግዛለች ለሚለው ወሬ እግር ያበጀለት የጎሳዬ ቃል ነው። «ጎሳዬ ራሱ ብሏል» ይባባላሉ። «የሱ እጅ ይስታል እንዴ?»

ቱሉም ጆንያ እያወረደ፣ «ጋሼ፣ ከስንት ኪሎ ወደ ስንት ገብታ ነው? ወሩን ከኪሎው እናወጣዋለን እኮ» አለው። ሌሎቹ ሳቁ።

«ሥራህን ሥራ» አለ ጎሳዬ።

«ምን አጠፋሁ? እርስዎ ያሉትን ነው» አለ ቱሉ። እውነቱን ነው፤ ጎሳዬ ያለውን ነው።

ፊት ለፊት የቲጃኒ ሱቅ ያን ቀን አልተከፈተም። ማክሰኞ ተከፈተ፤ ግን የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማም። ከቀትር በኋላ ቲጃኒ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ጎሳዬን በእጁ ጠቅሶ ከጆንያው ክምር ጀርባ ወሰደው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አልጠይቅም ነበር።»

«ጠይቀኝ።»

«ትናንት ማታ ቀሚሱን አስለበስኳት። እናቷ ልትጠይቃት ፈልጋ አፏ እምቢ ስላላት ነው እኔ ቀሚሱን ያስለበስኳት፤ ለማጥበብ ነው ብዬ። ሜትሩን አዞርኩባት። ያው ነው፤ ስፌቱ አልተነካም።» ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። «ሜትሬ አንድ ነገር ይላል፣ እጅህ ሌላ ነገር ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሃያ ሁለት ዓመት እጅህ ሲስት አላየሁም። ስለዚህ አንተ ንገረኝ። ልጄ ከብዳለች?»

እዚህ ላይ ጎሳዬ እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። ከክምሩ ወዲያ ቱሉና ጓደኞቹ ጆንያ እየቆጠሩ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማል። አፉን ከፍቶ፣ «ትከሻዬ ነው መሰለኝ… እንጃ፣ ቲጃኒ፣ እንጃ» አለ።

ቲጃኒ ጠበቀው። «እሺ» አለና መንገዱን ተሻገረ። አረማመዱ እንደ ታማሚ ነበር።

ያን ዕለት ብርሃንነሽ ራት አቅርባ፣ ጎሳዬ ሳይጎርስ እንጀራውን ሲቆራርስ ስታይ፣ «የቲጃኒን ልጅ ነገር ገበያ ውስጥ ሰማሁ» አለችው። «እውነት ከብዳ ነው?»

«ጀንፈሉ ደርቆ ነው» አለ።

«ምን?»

«ሳይደርቅ ነው የሰቀልኩት። እላይ ደርቆ አስራ አንድ ኪሎ ጣለ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም።»

ብርሃንነሽ እጇን ታጠበች። ውሃውን ደፋች። ተመልሳ ተቀመጠች። «ይህን ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አለችው። ገበታውን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ጎሳዬ አዳራሹ ሄዶ ጆንያውን ከደበቀበት አወጣ። በጋሪ ማስጫን ይችል ነበር። ታማሚ ትከሻው ላይ አድርጎ ሰው በሚበዛበት መንገድ ይዞት ሄደ። ቲጃኒ ሱቅ ሲገባ ለጢፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ቀና ብላ አየችውና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

«አንሳው» አለ ጎሳዬ፣ ጆንያውን ቲጃኒ እግር ሥር አውርዶ።

«ምንድን ነው?»

«ልጅህን ያሳፈረው ነው። አንሳው፤ የኔን እጅ አትመን። አርባ አምስት ብዬ እርጥቡን ሰቀልኩት። ደርቆ ሠላሳ አራት ገባ። የዛኑ ዕለት ነው ያወቅሁት። ትናንት ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ቲጃኒ አላነሳውም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ታውቅ ነበር» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ሰኞ ማታ ልጄን በሜትር ስለካት፣ አንተ ታውቅ ነበር።»

ለጢፋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እኔ እሁድ ነው የሰማሁዎት፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የባሰው። «ከጀርባዬ ያለውን ቁልፍ የሚፈታልኝ ሰው አጥቼ መጋረጃው ሥር ታስሬ ቆሜ ነበር። ለጋሽ ፍሬሰላም—» ቆም አለች፣ በራሷ ስሕተት ፈገግ ልትል ነበር፣ ተወችው። «ለፍሬሰላም ሲነግሯት እዚያ ነበርኩ። መጀመሪያ አላዘንኩም። ደንግጠው ነው፣ ነገ ይናገራሉ አልኩ። ሰኞም ነገ አልኩ።»

«ልጄ…»

«ማክሰኞ አባቴ ከመጋዘን ሲመለስ ፊቱን አየሁት። ያን ጊዜ ነገ ማለት ተውኩ።»

ከመንገድ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ጎሳዬ ቆሞ፣ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

«ምን ላድርግ?» አላት። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅን ነው የሚጠይቀው።

«ፍሬሰላም እሁድ ትርዒቱን ትደግማለች። በነፃ ነው፤ ያው ሰው ይመጣል፣ ሊስቅም ቢሆን ይመጣል። እዚያ ይንገሩ። ለአባቴ የነገሩት ለአባቴ ነው።» ቁልፉን አገላበጠች። «ገመዱን ደግሞ ቱሉ ይይዛል። ያስተምሩት። እርስዎ ግን አይይዙም።»

«እሺ» አለ ጎሳዬ። ይህኛው ከሁሉ በላይ ቆረጠው፤ ቢሆንም እሺ አለ።

ፍሬሰላም ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «ጋሼ፣ ይናገሩ፣ መናገሩ ይገባል። ግን ጆንያውን መድረክ ላይ አውጥተው፣ ገመድ እንዲህ፣ ክብደት እንዲህ ካሉ ማን ትበራለች ብሎ ያምናል? ምሥጢሩ ሁሉ አለቀ እኮ።»

ለጢፋ፣ «ይወቁት» አለች። «የማያውቁትን አውቀናል ሲሉ ነው የከፋው።»

ሦስት ቀን ጎሳዬ ቱሉን አስተማረው። አሸዋ በማዳበሪያ ሞሉ፤ በባስኩላ መዘኑ፤ ጠዋት መዘኑ፣ ከቀትር በኋላ መዘኑ። ቱሉ ሲሰለቸው፣ «ጋሼ፣ አሸዋ ደግሞ ምን ይሆናል?» አለ። «መዝን» አለው ጎሳዬ። «ትንፋሿን ጠብቅ። ቀድመህ ብትስብ ገመድ ሆነህ ትታያለህ፤ ዘግይተህ ብትስብ ትሰናከላለች። ትከሻዋን እይ።» ቱሉ ስለ ወርና ስለ ኪሎ ያለውን አስታውሶ ይሁን እንጃ፣ አንገቱን ደፍቶ መዘነ።

እሁድ አዳራሹ ካለፈው ይበልጥ ሞላ። መጋረጃው ሳይከፈት ጎሳዬ ብቻውን ወጣ። ባስኩላው መድረኩ መሃል ተቀምጧል። ጆንያውን ጎትቶ አወጣው። መሳቅ የጀመሩ አሉ፤ የተውኔቱ መጀመሪያ መስሏቸው ነው።

«ጎሳዬ ነኝ» አለ። «ታውቁኛላችሁ። ባለፈው እሁድ ገመዱን የያዝኩ እኔ ነበርኩ። ይህ ጆንያ እላይ ተሰቅሎ ልጅቷን ማንሳት ነበረበት። አርባ አምስት ብዬ ሰቀልኩት። አሁን እዩት።» ባስኩላው ላይ አወጣው። የፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን እንዲያነብ ጠየቀ።

«ሠላሳ አራት» አለ ሰውዬው ጮክ ብሎ።

«እርጥብ ጀንፈል ነበር። አውቄ ነው የሰቀልኩት። ፍሬሰላም እንሞክር ስትለኝ እምቢ ያልኩም እኔ ነኝ። ቡና ሲደርቅ እንደሚቀል እዚህ የማያውቅ አለ?»

«ሕፃን ያውቃል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ልጅቷ ከበደች አልኩ። አልከበደችም። ዋሸሁ፤ ሰው ፊት ላለማፈር ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ እስከ ረቡዕ ዝም አልኩ። እጁ አይስትም ስትሉ የሰማሁት ጊዜም ዝም አልኩ።»

ሳቁ መጣ። ከኋላ ጀምሮ እየተንከባለለ፣ ያለፈው እሁድ በመጣበት መንገድ መጣ። «ጋሼ፣ እጅዎንም ፀሐይ ላይ ያስጡት» አለ አንዱ። ሌላው የሱን ድምፅ እያስመሰለ፣ «ስድሳ ሁለት» አለ፤ መጋዘን የሚውሉት ሁሉ ወንበራቸውን እየመቱ ሳቁ። ጎሳዬ ቆሞ ጠበቀ። ለመውረድ እግሩ ፈልጎ ነበር፤ ግን ለጢፋ ክንዷን ዘርግታ በአየር ላይ ተንጠልጥላ የቆየችውን ያህል መቆየት አለብኝ አለ ለራሱ። ያ ስንት ጊዜ እንደነበር አያውቅም። ፊቱ ነደደ፤ ጆሮው ነደደ። ሳቁ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ሰው ማሳል ሲጀምር ጆንያውን ጎትቶ ወረደ።

አዳራሹ ውስጥ ባዶ የነበረ አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሳቢሃ አልመጣችም፤ ወንበሯ ከቲጃኒ አጠገብ ባዶ ቀርቷል። ጎሳዬ ቆሞ ሊያይ ፈልጎ ነበር፤ ከኋላው ያሉት «ጋሼ ይቀመጡ፣ ጋረዱን» አሉት። ተቀመጠ። በዚያው በሳቢሃ ወንበር ላይ ነው፤ ቲጃኒ ግን ወደሱ አልዞረም። ከረቡዕ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ቃል አልተለዋወጡም።

ተውኔቱ ሄደ። መጨረሻው ደረሰ፤ መብራቱ ከጎን ዝቅ አለ። ለጢፋ መሃል ቆመች። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገመድ እንዳለ ያውቃል፤ አሸዋ እንዳለ፣ ከመጋረጃው ጎን ቱሉ እንዳለ ያውቃል። ከኋላ ያ ባለቀልድ እንኳ፣ «ገመዱን ፈልጉ፣ ገመዱን» ሲል ተሰምቷል። ጎሳዬ ማየት አልቻለም። ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ትንፋሿን ለመስማት ሞከረ፤ ከዚያ ርቀት አይሰማም።

ዝም አለ አዳራሹ። እንዲህ ያለ ዝምታ ጎሳዬ ያውቃል፤ ጠራጊዋ ሴትዮ ያሉትን ቃል ማንም ባይለውም፣ ዝምታው ያው ነው። ባለቀልዱም ጭጭ አለ።

ያን ጊዜ የቲጃኒ እጅ ከየት መጣ ሳይባል የጎሳዬን ጉልበት ጨምድዶ ያዘ። አባት ነው፤ ልጁ ከመሬት ተለይታ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ባዶ ላይ ነች። ጣቶቹ ሥጋው ውስጥ ገቡ። ጎሳዬ ቀና ብሎ ለማየት አሁንም አልደፈረም፤ ልጅቷ ያለችበትን ከፍታ ከቲጃኒ እጅ ጥብቀት ብቻ ለካው።

እጁ ሲላላ ለጢፋ ወርዳለች። ሰው ያጨበጭባል። ቲጃኒ ዞር ብሎ የያዘው የማን ጉልበት እንደሆነ አየ። እጁን አነሳ፤ ወደ ራሱ ጉልበት መለሰው። ከዚያ እሱም ማጨብጨብ ጀመረ።